ወንድሜ ግቢ ከገባ ጀምሮ ከእማዬ ስልክ አልወርድ አለ፤ ይመለስ ወይስ እንዲችለው እንተወው?

ታላቅ_እህት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ዛሬ ግን ሲጨንቀኝ ልጻፍ አልኩ።

የመጨረሻው ወንድማችን ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ደረሰው። ምደባው ደቡብ ነው፣ የግቢውን ስም ልተወው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ አገር ነው። ምኞቱ እዚሁ አዲስ አበባ መማር ነበር፤ አልሆነም። ይህ ልጅ ከቤት ውጭ ያደረው የ12ኛ ክፍልን ፈተና ሊፈተን ግቢ የገባ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔም ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለነበር እማዬ ያንን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፈችው እኛ ነን የምናውቀው።

አባታችን ካረፈ ቆይቷል። እኔ አግብቼ ወጥቻለሁ፣ መካከለኛው ወንድማችን ሥራው ክፍለ ሀገር ነው። ቤት የቀሩት እሱና እማዬ ነበሩ። አሁን ታዲያ ጠዋት ሲነሳ ይደውላል፣ ከቁርስ በኋላ ይደውላል፣ ከክላስ ሲወጣ ይደውላል፣ ማታማ ስልኩ ሳይዘጋ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ወጡ አልበላ አለኝ ይላል፣ ሙቀቱ አልተቻለም ይላል፣ የዶርም ልጆች በማላውቀው ቋንቋ ነው የሚያወሩት ይላል። ሰሞኑን ደግሞ «እዚሁ አዲስ አበባ የግል ኮሌጅ አስገቡኝ» ማለት ጀምሯል። እማዬ «ይምጣ ልጄ፣ የጆሮዬንም ወርቅ ሸጬ አስተምረዋለሁ» ትላለች። አጎታችን «ወንድ ልጅ እንዲህ ተሞላቅቆ አይሆንም፣ ስልኩን ዝጉበት» ይላል። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ሚድ ኤግዛም እየደረሰ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ሰው አለ? እንዲህ ያደረገው ከእናቱ ጋር ከልክ በላይ መጣበቁ ነው? ምን እናድርግ?

ሲኒየር_ነኝ፦

አይዞሽ እህቴ። አራተኛ ዓመት ሲቪል ነኝ፤ ፍሬሽ በገባ ቁጥር የማየው ነገር ነው። እኛ ግቢ ከላይብረሪው ጀርባ ኔትወርክ በደንብ የሚይዝበት አንድ ግንብ አለ። ፍሬሾች በገቡ ሰሞን ማታ ከእራት በኋላ ብትሄጂ ጃኬታቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው፣ ተደርድረው ታገኛቸዋለሽ። ሁሉም እያለቀሰ ነው፣ ሁሉም «አላለቀስኩም» እያለ ነው። ወንዱም ሴቱም። ሚድ አልፎ ውጤት ሲለጠፍ ግንቡ ባዶውን ይቀራል።

ሰውን የሚያስለቅሰው ትልቅ ትልቁ ነገር እንዳይመስልሽ። ውሃ የሚመጣው ስንት ሰዓት ነው፣ ጀሪካኑን የት ነው የማስቀምጠው፣ ሚል ካርድ ቢጠፋ ወዴት ነው የሚኬደው፣ የትኛው ቲቸር ነው አቴንዳንስ የሚይዘው፣ ፕሮክተሩ ሲቆጣ ዝም ነው የሚባለው ወይስ ይቅርታ ነው የሚጠየቀው። ይህን ሁሉ እስክታውቂ ድረስ ቀኑን ሙሉ ሞኝ የሆንሽ ይመስልሻል። ቤትሽ ግን ምንም ሳታስቢ ታውቂው ነበር። ናፍቆት የምንለው ግማሹ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍሬሽ እያለን እኛ ዶርም ውስጥ በጣም ጠንካራ የምንለው ልጅ ነበር። አይደውልም፣ አያለቅስም፣ ስለ ቤቱ አያወራም። እኛ ስንነፋረቅ እሱ ይስቅብን ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር ዋርኒንግ ወጣበት፣ ለማንም አልተነፈሰም። ቤተሰቦቹ የሰሙት ዲስሚስ ሆኖ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲቆም ነው። ስለዚህ የሚደውል ልጅ አያስፈራኝም።

ጠንካራው፦

ይቅርታ ይደረግልኝና የአዲስ አበባ ልጆች ቅብጠት መች ያልቃል? እኛ የገጠር ልጆች ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ወረዳ ከተማ ቤት ተከራይተን ነው የተማርነው። እሁድ ማታ የሳምንት ስንቃችንን ተሸክመን እንወርዳለን፤ እንጀራው ሐሙስ ላይ ይሻግታል፣ የሻገተውን ጠርገን በበርበሬ እንበላለን። አርብ ከትምህርት በኋላ በእግር ወደ ቤት። ስልክ? አባቴ ስልክ የገዛው እኔ ግቢ ሦስተኛ ዓመት ስደርስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባማ አልጋና መብራት አገኘሁ ብዬ ደስ ነው ያለኝ።

አጎትየው ልክ ናቸው። ለሁለት ሳምንት ስልኩን ዝጉት፣ ሰው ይሆናል።

የሰፈር_ልጅ፦

ሚስት ሲያገባ እማዬም አብራ ልትሄድ ነው? ሃሃሃ

የሳይኮ_መምህር፦

አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ፤ ለፍሬሽ የሚሰጠውን ጀነራል ሳይኮሎጂም ይዤ አውቃለሁ። ትንሽ ረዘም ላደርገው ነው፣ የማይመቸው ይለፈኝ።

«ከልክ በላይ ተጣብቋል» የሚለው ላይ ልቁም። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢና አብራው የሠራችው ሜሪ ኤይንስዎርዝ ስለ ልጅና ወላጅ ትስስር የደረሱበት ነገር ብዙ ሰው ከሚያስበው ተቃራኒ ነው። ኤይንስዎርዝ የመጀመሪያውን የመስክ ጥናቷን የሠራችው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955፣ ኡጋንዳ ውስጥ ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች። እናቶቹ ቤት ድረስ እየሄደች ቁጭ ብላ ሕፃናቱን ታያለች። እናቱ እንደማትጠፋበት የተማመነ ሕፃን እየዳኸ ይርቃል፣ ዞር ብሎ ያያታል፣ ደግሞ ይርቃል። ቀሚሷን አልለቅም የሚለው እርግጠኛ ያልሆነው ነው። ስለዚህ ልጅን የሚያስረው የፍቅሩ ብዛት ሳይሆን ጥርጣሬው ነው። ጠንካራው እንዳለው ስልኩን መዝጋት ጥርጣሬውን ይጨምራል እንጂ አያጠፋውም።

ይህ ነገር ወደ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመጣው ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ቤከርና ሲሪክ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የተማሪን መላመድ በአራት ከፍለው የሚለካ መጠይቅ አዘጋጁ፦ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል፣ ከሰው ጋር እንዴት ነው፣ እንቅልፉ፣ ምግቡና ስሜቱስ፣ ግቢውንስ «የኔ» ይለዋል ወይ። ይህ አከፋፈል ለእናንተም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ልጅ በአንዱ ወድቆ በሌላው ቆሞ ሊገኝ ይችላል። እህቴ፣ ወንድምሽ ክላስ ይገባል? አሳይመንት ያስገባል? አንድም ቢሆን አብሮት ካፌ የሚሄድ ልጅ አለው? ስለነዚህ ምንም አልጻፍሽም፤ የጻፍሽው ስለ ስልኩ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ጥናት ሁሉንም ነገር አይፈታም። ከ150 በላይ ጥናቶችን የደመረ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ትንተና አለ፤ ከወላጅ ጋር ያለ ጤናማ ትስስርና የተማሪ መላመድ ዝምድና አላቸው፣ ግን ዝምድናው ልከኛ ነው ይላል። በዚያ ላይ የዚህ ዘርፍ ጥናት በብዛት የተሠራው አሜሪካ ነው። እዚያ ልጁ ራሱ አመልክቶ፣ ግቢውን አስቀድሞ አይቶ ነው የሚሄደው። የኛ ልጅ ምርጫውን በቅደም ተከተል ሞልቶ ትምህርት ሚኒስቴር ወደመደበው ይሄዳል፤ ከተማዋን መጀመሪያ የሚያያት ሻንጣ ተሸክሞ ከአውቶቡስ ሲወርድ ነው። ተመድቦ የሄደ ልጅ ቢያኮርፍ የእናቱ አስተዳደግ ነው ብዬ አልፈርድም።

በተረፈ ስንት ጊዜ ደወለ የሚለውን ተዉትና ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ምን እንደሚያደርግ እዩልኝ። አውርቶ ቀለል ብሎት ወደ ክላስ የሚሄድ ከሆነ አትንኩት። አውርቶ ብሶበት አልጋ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ስልኩ ላይ ምን እንደሚባባሉ አጣሩ።

የሁለት_ልጆች_እናት፦

ልጆቼ፣ የእናትን ነገር እናት ትናገረው።

ስልክ በዛ የምትሉ ስልክ ጠፍቶ አላያችሁም። የኔ ትልቋ በ2013 ትግራይ ነበረች፣ ትምህርት ላይ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ስልክ ድርግም አለ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ወሬ ሁሉ የሰው ወሬ ነው። ከሌሎች ወላጆች ጋር ከናዝሬት አዲስ አበባ እየተመላለስን «ልጆቻችንን አምጡልን» ያላልነው ቢሮ የለም። በኋላ በተመድ አጋዥነት በአውቶቡስ ተመለሱ። ልጄ ስትወርድ የለበሰችው ሹራብ እኔ የላክሁላት አልነበረም፤ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ሁለተኛው ሲደርሰው ታዲያ ምን ዓይነት እናት እንደሆንኩ ገምቱ። የሄደበት አገር ሰላም ነው፤ እኔ ግን ስደውል የመጀመሪያው ቃሌ «ምን ሰማህ? ኮሽታ አለ?» ነው። አንድ ማታ «እማ፣ እኔ እኮ ደህና ነኝ፤ የምፈራው አንቺ ስትደውዪ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ጫማው፣ ስለ ፀጉሩ፣ ስለ ኳስ ነው የማወራው። ኳስ ምን አውቄ! ግን አርሴናል መቼ እንደሚጫወት አሁን አውቃለሁ።

አንተ ጠንካራው የተባልከው፣ ልጄ፣ የሰው ችግር ቅብጠት አይባልም። ያንተንም እናት ሐሙስ ሐሙስ እንቅልፍ የወሰዳት ይመስልሃል?

ጠንካራው፦

እትዬ፣ እርስዎን ለማስቀየም አይደለም። ግን እኛም ሰው ነን፣ ማንም ሳያባብለን ነው ያደግነው።

የአያቱ_ልጅ፦

ሁላችሁም ስለ እናት ስታወሩ ገርሞኝ ነው የምጽፈው። እናቴ ጅዳ ነች። የሄደችው እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው። የማውቃት በአይሞ ነው፤ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ሲቆራረጥ፣ ማዳም ስትጠራት ቶሎ ስትዘጋው። ያሳደገችኝ አያቴ ናት።

ግቢ ስገባ የዶርም ልጆች ማታ ማታ እናቶቻቸው ጋ ሲደውሉ እኔ የምደውልለት ሰው ጠፋኝ። እናቴ ጋ ብደውል «ጎበዝ፣ ተማርልኝ፣ ላንተ ብዬ ነው» ነው የምትለኝ፤ ይህን ከሰማሁ በኋላ ከፋኝ ብሎ ማውራት አይቻልም። አያቴ ደግሞ ስልክ ላይ ማውራት አትወድም። የጎረቤት ልጅ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ሲይዝላት «እግዜር ይጠብቅህ፣ ብሩ ይቆጥራል፣ ዝጋው» ትላለች። እኔ የምፈልገው ድምጿን አልነበረም። ቡና ስትቆላ አጠገቧ መቀመጥ ነበር።

የተማርኩት ጎንደር ነው። እዚያ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» የሚባል ነገር አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ከሌላ አካባቢ የመጣን ተማሪ ከከተማው ቤተሰብ ጋር ያገናኘዋል። መጀመሪያ ለፎቶ የሚደረግ ነገር ነው የመሰለኝ። የደረሱኝ እናት ግን በጣም ተራ ሰው ነበሩ፣ ምክር አያውቁም። እሁድ ስሄድ ሽንኩርት ያስልጡኛል። ለጥምቀት ቤቱ በዘመድ ሲሞላ «ተነስ ውሃ አምጣ» ብለው እንደ ራሳቸው ልጅ ጮሁብኝ። እንግዳ ቢያደርጉኝ ኖሮ አልመለስም ነበር። እህቴ፣ ወንድምሽ ያለበት ከተማ ዘመድ፣ የዘመድ ዘመድ፣ የድሮ ጎረቤት የላችሁም? እሁድ ሄዶ ሽንኩርት የሚልጥበት ቤት ፈልጉለት። ግቢ ጉባኤም፣ ጀመዓም፣ ፌሎውሺፕም ለብዙ ልጆች ይህን ነው የሚያደርጉላቸው፤ እኔ ግን የግድግዳና የምድጃ ሽታ ያለው ቤት ነው የበጀኝ።

ሦስተኛ_ዓመት_ፋርማሲ፦

የሴት ልጅ ድምፅ ይጨመር። አባቴ ደውሎ «ናፈቅሽኝ» ብሎኝ አያውቅም። አርብ አርብ ማታ ግን ስልኬ ላይ የካርድ መልእክት ይገባል፣ 25 ብር። ሌላ ቃል የለም። የዶርም ልጆች «አባባ ደወሉ» እያሉ ይቀልዱብኛል። አንድ አርብ ሳይገባ ቀረ። ደወልኩ፤ ለካ ታሞ ተኝቷል፣ ለእኔ እንዳይነገረኝ ብሎ ሁሉንም አስምሏል። ስለዚህ መምህር፣ መጠይቃችሁ ላይ «አባትህ ስሜቱን ይነግርሃል?» የሚል ጥያቄ ካለ የኛ አባቶች ዜሮ ነው የሚያገኙት። ልክ አይመስለኝም።

ደግሞ ማንም ያላነሳው፦ እኔን የከበደኝ መሄዱ አይደለም፣ መመለሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ራሴን ችዬ ኖሬ፣ ብሬን አብቃቅቼ፣ ታምሜ ብቻዬን ክሊኒክ ሄጄ፣ ክረምት ቤት ስገባ «ወዴት ነው? ከማን ጋር? ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?» እናቴ የምታውቀው የ12ኛ ክፍሏን ልጅ ነው። መስከረም እስኪጠባ ተጣልተን እንከርማለን።

ከቨርጂንያ፦

የፋርማሲዋ ልጅ ያነሳችው እዚህም አለ። እኛ እዚህ አሌክሳንድሪያ ነን፤ ልጄ ኮሌጅ የገባችው በመኪና ሁለት ሰዓት የማይሞላ ቦታ ነው። ባለቤቴ ልጅቷ የት እንዳለች የሚያሳይ አፕ ስልኳ ላይ አስጭናለች። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነጥቧ ከዶርም ወጥታ ሌላ ሕንፃ ላይ ስትታይ እኔን ትቀሰቅሰኛለች። ላይብረሪ ነው እላለሁ። «በዚህ ሰዓት?» ትላለች።

እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ሴሚስተር ኮሌጁ ድረስ ሄጄ የልጄን ውጤት አሳዩኝ አልኩ። ከፋዩ እኔ ነኝ! የቢሮዋ ልጅ በትሕትና አይቻልም አለችኝ። ፌርፓ የሚሉት እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ያለ ሕግ አላቸው፤ ልጅ ኮሌጅ ከገባ የትምህርት መዝገቡ የራሱ ነው፣ ካልፈቀደ በቀር ለወላጅ ዝም ብሎ አይሰጥም። ስወጣ ደሜ ፈልቶ ነበር። ልጄ ማታ ደውላ «አባ፣ ለምን እኔን አልጠየቅኸኝም?» አለችኝና ሁሉንም ላከችልኝ። ሁለት ቢና አንድ ሲ ነበራት፤ ሲው የኬሚስትሪ ነው።

ታላቅ_እህት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ ጥያቄህን ይዤ ቅዳሜ ማታ እማዬ ጋ አደርኩ።

ከዶርም ልጆች የአንዱን ስልክ አግኝቼ አስቀድሜ ደውዬለት ነበር። ልጁ የጂንካ ነው፣ አማርኛው ጥሩ ነው። ክላስ ይገባል አለኝ፣ አሳይመንትም ያስገባል፣ ለካልኩለስማ እኛን የሚያስረዳን እሱ ነው አለ። ከክላስ እንደወጣ ግን ስልኩን ይዞ ይጠፋል፣ አብሮን ወደ ከተማ አይወጣም፣ ኳስም አይመጣም።

ማታ ስልኩ ሲጠራ አጠገቧ ተቀምጬ ሰማሁ። «በላህ?» አለችው። «በላሁ።» «ምን በላህ?» «ሽሮ።» ከዚያ እሱ ተራውን ያዘ። «መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» «ውጫለሁ።» «የቱን? ትልቁን ነው ትንሹን?» እማዬ ዝም አለች። «ከፍተሽ እዪውና ንገሪኝ፣ እጠብቃለሁ።» ተነስታ ሄዳ መሳቢያውን ከፈተች። ትልቁን አልዋጠችም ነበር።

እማዬ ግፊትም ስኳርም አለባት። እኔ ካገባሁ ጀምሮ ይህን የያዘው እሱ ነው፤ ክኒኑን በቀን ከፋፍሎ የሚያስቀምጥላት፣ ለቀጠሮ የሚወስዳት፣ ጨው በዛ ብሎ የሚጨቃጨቃት። እኔ በየሳምንቱ ስመጣ ቤቱ ደህና ስለሆነ ደህና ነው ብዬ እሄዳለሁ። በኋላ ሰዓቱን ሳመሳክረው፣ ጠዋት የሚደውለው የጠዋቱ ክኒን ሰዓት ላይ ነው፤ ከቁርስ በኋላ የሚደውለው ሳትበላ ከዋጠች ስለሚያዞራት ነው፤ ማታ ስልኩ ሳይዘጋ የሚያድረው አንዴ ሌሊት ስኳሯ ወርዶ ስለነበር ነው። ይህንን አንዱንም አልነገረንም። ለኛ የነገረን ወጡንና ሙቀቱን ነው። እሷም «ይምጣ» የምትለው ናፍቋት ብቻ አልነበረም፤ ሌሊት ብቻዋን ማደር ፈርታ ነው። ይህን የነገረችኝ መብራት ከጠፋ በኋላ ነው።

የሳይኮ_መምህር፦

እህቴ፣ ይህ የታወቀ ነገር ነው። ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው መጽሐፉ ትምህርት ቤት አልሄድም ስለሚሉ ልጆች ሲጽፍ፣ ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቱን የፈሩ እንዳልሆኑ ያነሳል። «እኔ በሌለሁበት ቤት ውስጥ እናቴን አንድ ነገር ቢያገኛትስ» ብለው ነው። አንዳንድ ቤት ደግሞ ልጁ የወላጁ ጠባቂ ይሆናል፣ ቦታው ይገለበጣል። ወንድምሽ ግን መላመድ ያቃተው ልጅ አይመስለኝም። ሥራውን ሳያስረክብ የሄደ ልጅ ነው። የሚረከበው ሰው እስኪያገኝ ድረስ ምክር ብትደረድሩለት አይሰማችሁም።

የግቢው ካውንስሊንግ ቢሮም አለ፣ ያውቀው እንደሆነ ጠይቂው። ብዙ ተማሪ መኖሩን የሚሰማው ሊመረቅ ሲል ነው።

ጠንካራው፦

ይህማ ሌላ ነገር ነው። እኔ ወረዳ ከተማ ስወርድ ከብቱን የተረከበኝ ታናሼ ነበር። እሁድ ማታ ከመውጣቴ በፊት የትኛዋ ላም እንደታመመች፣ የትኛው አጥር እንደላላ አሳየዋለሁ፤ ሳላሳየው ከሄድኩ ሳምንቱን ሙሉ ትምህርቱ አይገባኝም። ለዚህ ልጅም የሚረከበው ሰው ስጡት። ደግሞ «አትጨነቅ» ብቻ አትበሉት፣ ማን እንደሚያደርገው በስም ንገሩት።

ሬጅስትራር_ውስጥ፦

ውይይቱ ወደ ጥሩ ሄዷል፤ ግን «ይምጣ» የሚለው ሐሳብ ተመልሶ ከመጣ ይህን እወቁ። ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ዝም ብሎ ከወጣ ቦታውን ሊያጣ ይችላል። ማቋረጥ ካለበት የዊዝድሮዋል ፎርም ሞልቶ፣ ክሊራንስ ጨርሶ ይውጣ፦ ላይብረሪ፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ሁሉም ይፈርሙለት። እንዲህ የወጣ ልጅ በሪአድሚሽን መመለስ ይችላል፤ ቀነ ገደቡ እንደየግቢው ስለሚለያይ ከራሱ ሬጅስትራር ይጠይቅ። በቃል «ተመልሰህ ትመጣለህ» ያለውን ሰው አይመን፣ ወረቀት ይያዝ። በጤና ምክንያት ዝውውር የሚጠየቀው ደግሞ በሐኪም ቦርድ ማስረጃ ነው፤ የተማሪው ጤና ማለቴ ነው፣ በእናት ሕመም ሲፈቀድ እኔ አላየሁም። በየዓመቱ ወላጆች ከሩቅ መጥተው ቢሮአችን በር ላይ ያለቅሳሉ፣ ልጁ ፎርም ሳይሞላ ስለወጣ።

ታላቅ_እህት፦

ሬጅስትራር፣ ተባረክ፤ ይህን ለሱም ላክሁለት።

እስካሁን ያደረግነውን ልንገራችሁ። ትልቋ ልጄ ከትምህርት ቤት ቀጥታ አያቷ ጋ እየሄደች እዚያው ታድራለች። እማዬ ቤቱን ጥላ እኔ ጋ አልመጣም ስላለች ነው። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ ከአጎቷ የባሰች ጨቅጫቃ ናት፣ ክኒኑን ፎቶ እያነሳች ትልክለታለች። ቀጠሮውን እኔ ይዣለሁ። አጎታችን ደግሞ ስልክ ይዘጋ ያለው ሰው አሁን እሁድ እሁድ ስኳሯን ሊለካ ይመጣል፤ ማሽኑን የገዛውም እሱ ነው።

ልጁ መጀመሪያ አኮረፈ። «እኔን ተካችሁኝ?» አለ፣ ቀልድም ምርርም ያለበት። መደወሉን አላቆመም፣ አናስቆመውምም። ጠዋት ጠዋት ግን አይደውልም። የጂንካው ልጅ ቅዳሜ ኳስ ላይ አየሁት ብሎኛል፤ ተቀምጦ ነው ያየው፣ አልተጫወተም። ሚዱን ተፈትኗል፣ ውጤት ገና ነው። ወጡን አሁንም አይወደውም፣ እሱስ እውነቱን ነው መሰለኝ።

እማዬ በሶ አስፈጭታ፣ ቆሎ ቆልታ፣ አንድ ጀሪካን የኑግ ዘይት ጨምራ ተቀምጣለች። በዘይቱ ተጨቃጭቀናል፣ ዶርም ውስጥ ምን ሊያደርግበት ነው? በዚህ ሳምንት ወደ አርባ ምንጭ መስመር የሚወርድ ሰው ካለ ይጻፍልኝ፤ ዕቃው አንድ ፌስታልና አንድ ትንሽ ካርቶን ነው።

ሲኒየር_ነኝ፦

የአጎቴ ልጅ እሁድ ንጋት ላይ በዚያ መስመር ይወጣል። ኢንቦክስ አድርጊልኝ። ዘይቱን ግን ተዪው፣ ባለፈው ዓመት አንዱ ሻንጣ ውስጥ ፈስሶ የሰው ልብስ ሁሉ አበላሽቶብናል።

ታላቅ_እህት፦

እሺ ብላለች። በዘይቱ ፋንታ ድርቆሽ ጨምራለች። ኢንቦክስህን እይ።